ሥልጠናው ለማን ይደርሳል? በበይነ መረብ የሚሰጡ ትምህርቶችን ተደራሽና ምቹ ስለ ማድረግ

አንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ስለ ገንዘብና ንብረት አያያዝ በበይነ መረብ በሚሰጥ ሥልጠና ሦስት ሰዎችን እንዲያሳትፍ ደብዳቤ ደረሰው እንበል። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ወጣት ነው፤ ጥሩ ስልክ አለው፤ በሁለት ምሽት ትምህርቱን አጠናቅቆ የምስክር ወረቀቱን ይቀበላል። ገንዘብ ያዡ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው፤ በስልካቸው ላይ የሚታየው ጽሑፍ ስለ ደቀቀባቸው ከሁለተኛው ገጽ ሳያልፉ ይቀራሉ። ሊቀ መንበሩ፣ ማለትም የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ትምህርቱ በቀጥታ በሚተላለፍበት ሰዓት በቅዳሴ ላይ ናቸው። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን አጥቢያው «ሠልጥኗል» ተብሎ ይመዘገባል።

የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ በብዙ ሰዎች እጅና ዓይን እንዲያልፍ የተደረገው አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲያይ ነው። አዲሱን የመዝገብ አያያዝ አንድ ሰው ብቻ ሲያውቀው የተቀሩት ያልገባቸውን ሰነድ አምነው ወደ መፈረም ይሄዳሉ። ጸሐፊው ፍጹም ታማኝ ቢሆን እንኳ ምእመናን ጥያቄ ባነሡ ጊዜ ሥራውን አይቶ የሚመሰክርለት ሌላ ዐዋቂ አይገኝም። እንዲህ ያለው ጉድለት ሲፈጠር ብዙውን ጊዜ «አባቶች ለቴክኖሎጂ አይሆኑም» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ግን ጥያቄው መዞር ያለበት ወደ ትምህርቱ አዘገጃጀት ነው እንላለን፤ ዕድሜ ልካቸውን ድጓና ቅዳሴ በቃላቸው ሲይዙ የኖሩ አባቶች አንድ የሒሳብ ትምህርት መማር አልቻሉም ቢባል ማን ያምናል?

በዚህ ጽሑፍ «ተደራሽ» የምንለው፣ ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው፣ እጃቸው እንደ ልብ የማይታዘዝላቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ወይም ኔትወርክ በማይረጋበት ቦታ የሚኖሩ ሰዎች ጭምር ገብተው ሊማሩበትና ሊፈጽሙት የሚችሉትን ሥልጠና ነው። «ምቹ» የምንለው ደግሞ የገባው ሰው ሳይሰለችና ሳይሸማቀቅ፣ ከአገልግሎቱና ከእርሻው ጋር አስማምቶ የሚቀጥለውን ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በሩ ሰፊ ሆኖ ውስጡ የማያስቀምጥ ቤት አለና።

ጉዳዩ የበጎ ፈቃድ ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ ስለ ተደራሽነት ሲደነግግ ሕንፃንና መንገድን ብቻ ሳይሆን መረጃንና በይነ መረብንም በስም ይጠራል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለድረ ገጾች ተደራሽነት የወጣው መመሪያም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ ያለ ሲሆን በ2023 ተሻሽሏል። መመሪያው በዝርዝር የሰፋ ቢሆንም መነሻው አራት ነገር ነው፦ ትምህርቱ በዓይን ወይም በጆሮ የሚደረስበት ይሁን፤ በእጅ የሚሠራበት ይሁን፤ የሚገባ ይሁን፤ በልዩ ልዩ መሣሪያ ሲከፈት የማይበላሽ ይሁን። ከዚህ በታች የምናወሳው ይህ መመሪያ በእኛ ፊደል፣ በእኛ ሰዓትና በእኛ አጥቢያዎች ላይ ሲውል የሚኖረውን መልክ ነው።

በጆሮ መማር

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ከጥንት ጀምሮ በጆሮና በቃል የተሰጠ ነው። የአብነት ተማሪ ከየኔታ አፍ እየሰማ፣ ሌሊት በቃሉ እየከለሰ ያድጋል። ዓይነ ስውራን ሊቃውንት በቅኔውም በዜማውም ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ የኖሩት ትምህርቱ በዓይን ላይ ብቻ ያልተንጠለጠለ በመሆኑ ነው። ዛሬ ባለ ብዙ ምስል ትምህርት አዘጋጅተን እነዚያኑ ሊቃውንት ከደጅ ብናስቀር ከነበረን ዝቅ አልን ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን እያንዳንዱ ትምህርት በድምፅ ብቻ ሊከተሉት በሚቻል መንገድ ይዘጋጅ የሚል ነው። አሠልጣኙ «እዚህ ላይ እንደምታዩት» ብሎ በሠንጠረዥ ላይ ጣቱን ቢያሳርፍ ያላየ ሰው ምንም አላገኘም። «በመጀመሪያው ዓምድ ቀኑ፣ በሁለተኛው የደረሰኙ ቁጥር፣ በሦስተኛው የገንዘቡ ልክ ይጻፋል» ቢል ግን ዓይነ ስውሩም፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ አድርጎ መንገድ የሚሄደውም፣ መነጽሩን የረሳውም እኩል ይማራሉ። ለዚህ የሚጨመር ወጪ የለም፤ አነጋገርን ማስተካከል ብቻ ነው።

የድምፅ ትምህርት ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ይኸውም ቀላልነቱ ነው። ለንግግር በሚበቃ ጥራት፣ ማለትም በሰከንድ 32 ኪሎ ቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ የሚይዘው ከ14 ሜጋ ባይት ጥቂት የሚበልጥ ነው። ያው አንድ ሰዓት በመካከለኛ ጥራት፣ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት በሚፈስ ቪዲዮ ቢሆን 450 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ ሠላሳ አንድ እጥፍ ማለት ነው። ጽሑፍ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፦ አንድ የፊደላችን ሆሄ በኮምፒዩተር ውስጥ በተለመደው አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛልና፣ ሁለት ሺህ ሆሄ ያለበት አንድ ገጽ 6 ኪሎ ባይት ገደማ ነው። የሞባይል ጥቅል በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ዲያቆን ቪዲዮውን ትቶ ቢወጣ በስንፍና አንከሰውም፤ ሒሳቡን ያወቀ ሰው ነው።

ይህን ስንል ቪዲዮ ይቅር ማለታችን አይደለም። የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ ክዳን አከፋፈት ወይም የችግኝ ማፍያ ቦታ አዘገጃጀት በዓይን መታየት አለበት። ነገር ግን አንድ ሰው ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ አርባ ደቂቃ ሲናገር ማሳየት የገንዘብ ብክነት ነው። የተናጋሪው ፊት እንዲታወቅ አንድ ፎቶግራፍ ይበቃል።

የድምፁም ሆነ የቪዲዮው ርዝመት ከአሥር ደቂቃ ባይበልጥ እንመርጣለን። አሥር ደቂቃ የሚሆን ድምፅ 2.4 ሜጋ ባይት ብቻ ስለሚሆን ኔትወርኩ ቢቆራረጥ እንኳ ይወርዳል፤ ካልወረደም እንደገና መሞከር አያስመርርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትምህርቱ አንዴ ወርዶ ያለ ኔትወርክ የሚሰማ ይሁን። መዝሙርና ስብከት በአገራችን ከስልክ ወደ ስልክ በሚሞሪ ካርድ፣ በብሉቱዝና በቴሌግራም ሲተላለፍ ዓመታት አስቆጥሯል፤ ማንም ሳያሠለጥነው ገጠር የደረሰ መንገድ ነው። ሥልጠናችንም በዚሁ መንገድ ቢጓዝ ምን ይከለክለዋል? በብዙ አገሮች ለትምህርት መስጫ የሚያገለግለውና ያለ ክፍያ የሚገኘው ሙድል የተባለው ሥርዓትም በስልክ መተግበሪያው በኩል ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ለመማር ያስችላል፤ አዘጋጆቹ ግን ይህን አስበው ፋይሎቹን አነስ አድርገው ካላስቀመጡ ዕድሉ ከንቱ ይሆናል።

ፊደሉ እንዲነበብ

ወደ ጽሑፉ ስንመጣ ከሁሉ አስቀድሞ ልናነሣው የሚገባ፣ ከውጭ የማይታይ ችግር አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የእኛን ሆሄያት ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። በእነርሱ የተጻፈ ሰነድ በታተመ ወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ አማርኛ ነው፤ ያንኑ ሰነድ ፕሮግራሙ በሌለበት ስልክ ስንከፍተው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝርግፍ ሆኖ ይመጣል። በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ቀድሞ የተዘጋጁ የሥልጠና ጽሑፎች እስከ ዛሬ በዚህ ዓይነት የተቀመጡ ናቸው። እነርሱን እንዳሉ በበይነ መረብ መጫን ለአንባቢው የተቆለፈ ሣጥን እንደ መላክ ነው፤ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ ግድ ይላል።

በስካነር ተነሥቶ የተላከ ገጽም እንዲሁ ነው። ለዓይን ጽሑፍ ይመስላል፤ ለኮምፒዩተር ግን ፎቶግራፍ ነው። ዓይነ ስውራን በስልካቸውና በኮምፒዩተራቸው የሚጠቀሙባቸው ስክሪን ሪደር የተባሉ የጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራሞች ከእንዲህ ያለው ገጽ አንድ ቃል አያወጡም። ማኅተምና ፊርማ ያለበት ደብዳቤ በፎቶ መላኩ የተለመደ በመሆኑ የዚህን ጉዳት ብዙዎቻችን አናስተውለውም፤ መፍትሔው ከፎቶው ጋር ጽሑፉንም አብሮ መላክ ነው።

ስለ እነዚህ አንባቢ ፕሮግራሞች አንድ ነገር እንጨምር። ለኮምፒዩተር ያለ ክፍያ የሚሰጥ ኤን ቪ ዲ ኤ የተባለ ፕሮግራም አለ፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይም ቶክባክ የሚባለው አገልግሎት ይገኛል። አማርኛን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ሠራሽ ድምፅም አለ። ይሁንና ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ደረሰኝ ይሰጣል» የሚለው ሐረግ ሲላላ «እርሱ ደረሰኝ ይሰጣል»፣ ሲጠብቅ ደግሞ «ለእርሱ ደረሰኝ ይሰጠዋል» ወደሚለው ያደላል፤ ለሰው ከዐውዱ የሚገባው ነገር ለማሽን አይገባውም። በሒሳብ ትምህርት ውስጥ ሰጪውና ተቀባዩ ከተምታቱ ምን ትርፍ አለው? ስለዚህ አዘጋጆች ሰጪውንና ተቀባዩን በስም እየጠሩ ይጻፉ፤ ዋና ዋናዎቹን ክፍሎች ደግሞ በሰው ድምፅ ያስነብቡ። ለዚህ ከንባብ ቤት የወጣ ዲያቆን የተሻለ አንባቢ የት ይገኛል?

የማየት ችግር ሲባል ግን ዓይነ ስውርነትን ብቻ ማሰብ አይገባም። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ነገር ማየት ለአብዛኛው ሰው እየከበደ ይሄዳል። ፊደላችንም በዚህ ረገድ ይፈትናል፤ አንዱን ሆሄ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ አንዲት ጭረት ናትና። «ገቢ» እና «ገቡ» የሚለያዩት ጭረቲቱ ከእግር ላይ በመሆኗ ወይም ከወገብ ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ለሚጽፉ የሚበቃው መጠን ለእኛ አይበቃም። በስልክ ላይ የሚነበብ ትምህርት አንባቢው በሁለት ጣቱ እንደ ፈቀደ የሚያሰፋው፣ ሲሰፋም መስመሩ ከስልኩ ጠርዝ ሳያልፍ ራሱን አጥፎ ወደ ታች የሚወርድ መሆን አለበት። ወደ ጎን እየጎተቱ አንድን መስመር ማንበብ ለሁለት ደቂቃም አይቻል። ጽሑፉን አዘንብሎ መጻፍም ይቅር፤ ለፊደላችን ባዕድ ከመሆኑም በላይ ጭረቶቹን ያደበዝዛል።

አባቶቻችን የብራና ጸሐፍት ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ብራናውን በወስፌ ወግተው ያሰምሩ ነበር፤ ኅዳጉን ሰፊ ያደርጉ ነበር፤ ጽሑፉን በዓምድ ከፍለው ዓይን ሳይደክም ከመስመር ወደ መስመር እንዲሻገር ያደርጉ ነበር። ቀይ ቀለሙንም ለቅዱሳት አስማትና ለክፍል መጀመሪያ አድርገው ሌላውን በጥቁር ጻፉ። ጥቁሩ ደማቅ፣ ቀዩም ቁጥብ ስለ ሆነ መጻሕፍቱ በጧፍ ብርሃን ጭምር ይነበባሉ። የዛሬውን ስላይድ ስናይ አንዳንዴ በጧፍ ይጽፉ የነበሩት እንደሚበልጡን ይሰማናል።

ቀለምን በተመለከተ በልክ መናገር ይቻላል። ዓለም አቀፉ መመሪያ በጽሑፍና በመደቡ መካከል ያለው የድምቀት ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን ይጠይቃል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ 1 ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የለም። በበዓላትና በጉባኤ ማስታወቂያዎቻችን ላይ የምንወዳቸውን ሦስቱን ቀለማት በነጭ መደብ ላይ ብንለካቸው፣ ጠቆር ያለው አረንጓዴ 5.1 ለ 1 ሆኖ ያልፋል፤ ደማቁ ቀይ 4 ለ 1 ሆኖ ለጥቂት ይወድቃል፤ ወርቃማው ቢጫ ግን 1.4 ለ 1 ብቻ ነው፤ ለደከመ ዓይን ባዶ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። ያው ወርቃማ ቀለም በጥቁር መደብ ላይ ሲሆን ወደ 15 ለ 1 ይወጣል። ስለዚህ ወርቁን የሚወድ አዘጋጅ መደቡን ይቀይር። በተጨማሪም «በቀይ የተጻፈው ስሕተት፣ በአረንጓዴ የተጻፈው ትክክል» የሚል አመላካች ብቻውን አይቁም፤ ሁለቱን ቀለማት መለየት የሚያዳግታቸው ሰዎች አሉና፣ በተለይም ከወንዶች መካከል፣ «ትክክል» እና «ስሕተት» ተብሎ በቃል ይጻፍ።

መስማት ለተሳናቸው

ድምፅን ስናስቀድም መስማት የተሳናቸውን ምእመናን እንዳንረሳ። የድምፅ ትምህርት ሁሉ ሙሉ ጽሑፉ አብሮት ይቀመጥ፤ በቪዲዮ ግርጌም ንግግሩ በጽሑፍ ይውጣ። ይህ ጽሑፍ ሕፃን በተኛበት ቤት ድምፁን ዘግታ ለምትከታተል እናትም፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ካህንም ያገለግላል። ሆኖም ጽሑፍ ብቻውን ለሁሉም አይበቃም። ከልጅነታቸው ጀምሮ መስማት ለተሳናቸው ብዙ ሰዎች የመጀመሪያ ቋንቋቸው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ስለ ሆነ የተጻፈ አማርኛ ለእነርሱ ሌላ ቋንቋ ነው። ቢያንስ መግቢያውና ማጠቃለያው በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቢቀርብ፣ አስተርጓሚውም በስክሪኑ ጥግ በፖስታ ቴምብር መጠን ሳይሆን እጆቹና ፊቱ በሚታዩበት ልክ ቢቀረጽ መልካም ነው። ይህ ወጪ አለው። በጀት ሲያዝ አብሮ ካልታሰበ በኋላ የሚገኝ ገንዘብ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን።

ሰዓቱ፣ ቀኑና ስሙ

እስካሁን ያነሣነው ስለ ዓይንና ጆሮ ነው። ነገር ግን ብዙ ሠልጣኞች ከትምህርቱ የሚቀሩት ትምህርቱ ሳይጀመር፣ በመመዝገቢያው ገጽ ላይ ነው።

መመዝገቢያው «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አለን። ገብረ መድኅን ወይም ወልደ ሚካኤል የተባለ ሰው ስሙን በሁለት ቃል ቢጽፍ ማሽኑ ከሁለት ይከፍለውና «ሰላም ገብረ» እያለ ይጠራዋል፤ የምስክር ወረቀቱም በዚሁ ታትሞ ይመጣል። የማዕርግ ስም የሚጻፍበት ቦታም የለም፤ ቀሲስ፣ መምህር፣ መጋቤ ሐዲስ ከየት ይግባ? አራት ባዶ ቦታዎች፣ ማለትም ማዕርግ፣ ስም ከነአባት፣ አያት፣ አጥቢያ ቢቀመጡ ነገሩ ያልቃል። ከዚሁ ጋር የሚሄደው የአነጋገር ክብር ነው። «ግባ»፣ «ቀጥል»፣ «ይለፍ ቃልህን ረሳህ?» እያለ ሽማግሌ ካህንን አንተ የሚል ገጽ፣ ሴት ሠልጣኞችንም ጭራሽ የማይጠራ ገጽ ነው። «ይግቡ»፣ «ይቀጥሉ»፣ «የይለፍ ቃልዎን ረስተዋል?» ቢል ሁሉን ያከብራል።

የልደት ቀን ሲጠየቅ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተነገረ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የተዛባ ዕድሜ ይመዘገባል። ወራቱ አሥራ ሁለት ብቻ ከሆኑ ደግሞ በጳጉሜን የተወለደ ሰው መግቢያ የለውም። ኢሜይል ግድ ነው የሚል ቅጽም ስልክ ብቻ ያላቸውን ይመልሳል። የይለፍ ቃሉ «ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይኑረው» ሲባል በግዕዝ ፊደል ብቻ መተየብ የለመደ ሰው ይቸገራል፤ በአጭር የስልክ መልእክት የሚላክ የቁጥር ኮድ ይቀለዋል። በአንድ ስልክ ቁጥር አንድ ሰው ብቻ የሚል ደንብም ቢነሣ እንወዳለን፤ ባልና ሚስት፣ ወይም ሁለት የኮሚቴ አባላት በአንድ ስልክ የሚማሩበት አጥቢያ ብዙ ነው።

ሰዓትን በተመለከተ «ሥልጠናው በ8፡00 ይጀመራል» የሚል ማስታወቂያ ሁለት ትርጉም አለው። ማሽኑ በጠዋት 8፡00 ሲል በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ይህን እንደ እኛ ሰዓት የቆጠረ ሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይመጣል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ መጻፍ ጥርጥሩን ያስወግዳል። በውጭ ያሉ አጥቢያዎቻችን ሲሳተፉ የእነርሱም ሰዓት ይጻፍ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚጀመር ጉባኤ በዋሽንግተን በበጋቸው ቀን አንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ይውላል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ነው።

የቀኑ ምርጫ ከዚህ ይከብዳል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም በየዕለቱ ከቅዳሜና እሑድ በቀር፣ ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ከቀኑ 8 ሰዓት የተያዘ የቀጥታ ትምህርት ካህናቱን አያገኝም። ወርኃዊ በዓላትም በየአጥቢያው ይለያያሉ፤ በአንዱ 12፣ በሌላው 21፣ በሌላው 27 ትልቅ ቀን ነው። በሰሙነ ሕማማት የሚያበቃ የፈተና ቀነ ገደብ ያስቀመጠ አዘጋጅ ቀን መቁጠሪያ አላየም። በገጠር የሚያገለግሉ ካህናት አብዛኞቹ ገበሬዎችም ስለ ሆኑ የክረምቱ እርሻና የኅዳርና የታኅሣሥ አጨዳ ሊታሰብ ይገባል። ሁሉን የሚያስማማ ሰዓት ስለማይገኝ የቀጥታው ትምህርት እየተቀዳ በማግሥቱ በድምፅ ይውጣ፤ ተቀድቶ የተማረውም በቀጥታ ከተማረው እኩል ይቆጠርለት።

ስለ ፈተናው በአጭሩ እንናገር። ሰዓት ቆጣሪ ያለበት ፈተና የሚለካው ፍጥነትን እንጂ ዕውቀትን አይደለም፤ ካልተገደድን በቀር አናስቀምጠው። ኔትወርክ ሲቋረጥ የተመለሰው መልስ እንዳይጠፋ በየጥያቄው ይቀመጥ። የሚነኩ ምልክቶች ትልልቅና የተራራቁ ይሁኑ፤ በእርሻ ሥራ የጠነከረ ወይም የሚንቀጠቀጥ ጣት ሁለቱን ባንዴ እንዳይነካ። ገጽ ሲከፈት ሠልጣኙ ካቆመበት ይቀጥል እንጂ ከመጀመሪያው አይመለስ።

አጥቢያው ምን ያድርግ?

የሰበካ ጉባኤ አባላት ሥልጠናውን አዘጋጆች ባይሆኑም ከእነርሱ በላይ የሚያውቁት ነገር አለ፤ ማን የት ላይ እንደሚቸገር ያውቃሉ። አንድ ትምህርት ለሁሉም ከመላኩ በፊት ጥቂት ሰዎች እንዲሞክሩት እንጠይቃለን፦ አንድ አረጋዊ ካህን፣ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ቢገኝ አንድ ዓይነ ስውር መምህር፣ ኔትወርክ ከማይረጋበት አጥቢያም አንድ ሰው። የሚሞክሩት በራሳቸው ስልክ ይሁን። አጠገባቸው የሚቀመጠው ሰው እጁን ሰብስቦ ይይ፤ «እዚህ ጋ ይንኩ» ብሎ ቢረዳቸው ሙከራው ፈረሰ። ዝም ብሎ ቆይቶ ጣታቸው የቆመበትን፣ ወደ ኋላ የተመለሱበትን፣ ስልኩን ያስቀመጡበትን ቦታ ይጻፍ። ለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ዘመናዊ ስልክ የሌላቸውስ? ለእነርሱ የጋራ መማሪያ ጊዜ ማዘጋጀት ይቻላል። ትምህርቱን በአንድ ስልክ ወይም ፍላሽ ላይ አውርዶ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰበካ ጉባኤው አዳራሽ በድምፅ ማጉያ ማሰማት፣ በየአሥር ደቂቃው እያቆሙ መወያየት ነው። በአማርኛ የተዘጋጀውን በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ የአካባቢው ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ይበልጥ ይጠቅማል። ፈተናውን በስልክ መሥራት ላልቻለ ሰው አንድ የተሾመ ፈታኝ በቃል ይጠይቀው፤ በየኔታ ፊት ቆሞ የተማረውን በቃሉ ማስረከብ ለቤተ ክርስቲያን ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። መልሱ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብና የምስክር ወረቀቱ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን።

ከአጥቢያዎች ወደ ጽሕፈት ቤቶች የሚላኩ የሥልጠና ሪፖርቶች እስካሁን የሚቆጥሩት የፈጸሙትን ነው። ከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጀምሮ ያልፈጸሙትንም እንዲይዙ እንጠይቃለን፦ ስንት ሰዎች ተመዘገቡ፣ ስንቶቹ አቋረጡ፣ ያቋረጡትስ በየትኛው ገጽ ላይ ነው? በመመዝገቢያው ላይ ከሆነ ቅጹን፣ በሦስተኛው ቪዲዮ ላይ ከሆነ ቪዲዮውን፣ በፈተናው ላይ ከሆነ ፈተናውን እናስተካክላለን። የሚላከው ሪፖርት የሰዎቹን ስም መያዝ አያስፈልገውም፤ ቁጥሩና ያቆሙበት ቦታ ይበቃል።